ዝም አይነቅዝም ላልከኝ ልጅ

ልጄ፣

ደብዳቤህ ከቴፒ ደረሰኝ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ እንደሚሠራ ተነገረ፤ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። አንተም ዲግሪህን ይዘህ «ሠልጥነው ከሚገቡት አንዱ እኔ ካልሆንኩ» ብለህ ተነሥተሃል። እሰየው። ከሚዛን፣ ከቡና ጥላ ሥር የወጣ ልጅ ሪአክተር ቢጠብቅ ማን ይጠላል!

አንድ ነገር ግን ቆረቆረኝ። «ጋሼ፣ እኔ ከአለቆች ጋር አልጋጭም፤ ዝም አይነቅዝም» ብለሃል። ይህ ተረት ለጎረቤት ወሬ ይሠራል፤ ለእድርና ለዘመድ ጠብም ይሠራል። ማሽን ቤት ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ሲነቅዝም ሰው ይበላል። እኔ የኑክሌር ሰው አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በቡና እርሻ ጥገና ክፍል፣ ከቡና መፈልፈያው ፐልፐር፣ ከማድረቂያና ከጄኔሬተር ጋር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን የታላላቆቹን አደጋዎች ታሪክ እየፈለግሁ አነባለሁ። እዚያም ያገኘሁት እዚሁ ማጠቢያ ጣቢያ የማውቀውን ነው፤ ጉድለቱን ያየ ሰው አይጠፋም፤ የሚጠፋው ወሬው ነው። ምክሩን በቁጥር ያደረግሁት ስትመልስልኝ «አራተኛው ላይ አልስማማም» ለማለት እንዲመችህ ነው።

1. ያየኸውን ጉድለት በዚያው ፈረቃ ጻፈው።

ስሙን በማልጠራው አንድ እርሻ፣ ቡናው በሚጎርፍበት ወር፣ የፐልፐሩ ቺንጋ መሸፈኛ ለብየዳ ተፈትቶ ወጣ። ብየዳው አለቀ፤ መሸፈኛው ግን ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። የተለቀመ ቀይ ቡና ሳይፈለፈል ካደረ ይበላሻል፤ ማሽኑን አቁሞ መሸፈኛ ልግጠም የሚል ሰው በዚያ ወር አይወደድም። የቀን ተረኛው አየ፤ የሌሊቱ ተናግሯል ብሎ አለፈ። ካቦው አየ፤ የጥገና ሰዎች ያውቁታል አለ። መዝገቡ ላይ ሌሊት በሌሊት የሚጻፈው «ሁሉም ደህና» ነበር። አንድ ሌሊት ቡና ወደ ማሽኑ የምትገፋ ሴት የነጠላዋን ጫፍ ቺንጋው ያዘው። ነፍሷ ተረፈ፤ ቀኝ እጇ ግን ሥራ አልሠራም። እኔ የተጠራሁት ከዚያ በኋላ ማሽኑን እንድመረምር ነው። መዝገቡን ገልጬ የዋሸውን ሰው ብፈልግ አጣሁት። ሁሉም የትናንቱን እየገለበጠ ፈርሟል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የሚሠራበት መሣሪያ ጉድለት ሲኖረው ወዲያውኑ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል። ልብ በል፣ ግዴታ ነው። አለቃህ «ማን ጠየቀህ?» ቢልህ መልሱ አዋጁ ውስጥ አለልህ።

2. «ተዘግቷል» ብለህ ከመጻፍህ በፊት መዘጋቱን በምን እንዳወቅህ ራስህን ጠይቅ።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979 (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያላልኩበት ቀን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) አሜሪካ፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ፣ ስሪ ማይል አይላንድ በሚባለው ጣቢያ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ዋናው የውኃ ፓምፕ ቆመ። ግፊት ጨመረ፤ ማስተንፈሻው ቫልቭ እንደ ደንቡ ተከፈተ። ግፊቱ ሲወርድ መዘጋት ነበረበት፤ ተጣብቆ ቀረ። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ያለው መብራት ግን ጠፋ። ያ መብራት የሚናገረው ቫልቩ «ተዘጋ» የሚል ትእዛዝ እንደተላከለት ነው፤ መዘጋቱን የሚናገር ነገር አልነበረም። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ቡና ገዝተህ ታውቃለህ፤ እንደዚያ በለው።

ከቫልቩ በታች ያለው ቧንቧ ሙቀት ሁለተኛ ምስክር ሊሆን ይችል ነበር፤ ቁጥሩም ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። ነገር ግን ቫልቩ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ያፈስ ስለነበር ሠራተኞቹ ያንን ከፍ ያለ ቁጥር ለምደውታል። ሳይጠገን የታለፈው ትንሹ ፍሳሽ በጭንቁ ቀን የትልቁን ምስክርነት አበላሸ። ይህን ከሁሉ በላይ እንድትይዘው እፈልጋለሁ። ጉድለትን ሳትጠግን ስትኖር አንድ ዕቃ ብቻ አይደለም የሚበላሽብህ፤ ሌላው መሣሪያ የሚነግርህንም አትሰማም።

ቫልቩ ከሁለት ሰዓት በላይ ክፍት ሆኖ ቆየ። በመጨረሻ ከእሱ ጋር ያለው ሌላ መዝጊያ የተዘጋው አዲስ ተረኛ ገብቶ በአዲስ ዓይን ካየው በኋላ ነው። በአደጋው የሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀልጧል።

3. የጻፍከው የት እንደ ደረሰ ተከታተል።

የስሪ ማይል አይላንድ አደጋ ከመድረሱ አሥራ ስምንት ወር በፊት፣ መስከረም 24 ቀን 1977፣ ኦሃዮ ውስጥ ዴቪስ ቤሲ በሚባል ጣቢያ ያው ነገር ደርሶ ነበር። ሪአክተሩን የሠራው ያው ባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ ነው። ቫልቩ ተከፍቶ ተጣበቀ፤ መለኪያው «ውኃ ሞልቷል» አለ፤ ኦፕሬተሮቹም የአደጋ ጊዜ ውኃ የሚገፉትን ፓምፖች አጠፉ። ጣቢያው በዝቅተኛ ኃይል እየሠራ ስለነበርና ቫልቩም ቶሎ ስለተደረሰበት ጉዳት አልደረሰም።

በርት ደን የተባለ የኩባንያው መሐንዲስ ግን አላለፈውም። በየካቲት 1978 ማስታወሻ ጻፈ፤ ኦፕሬተሮች እነዚያን ፓምፖች ቸኩለው እንዳያጠፉ መመሪያ ይሰጣቸው፤ ካጠፉ እምብርቱ ውኃ አጥቶ ሊጎዳ ይችላል አለ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አይጻፍም። ማስታወሻው ወደ ሌላ ክፍል ሄደ፤ እዚያ ያለ ሰው የቴክኒክ ጥያቄ አነሣበት፤ ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ወራት ተቆጠሩ። የስሪ ማይል አይላንድ ኦፕሬተሮች ፓምፖቹን ሲቀንሱ ያ ወረቀት ገና ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞረ ነበር።

ደን ሰነፍ አልነበረም። እኔ ግን እንዲህ እልሃለሁ፤ ስትጽፍ ሦስት ነገር አስገባ፦ ምን እንዳየህ፣ ካልተስተካከለ ምን እንደሚሆን፣ መልስ እስከ መቼ እንደምትጠብቅ። ቀኑ ሲያልፍ ተነሥተህ በእግርህ ሂድና ጠይቅ። ሲዘጋብህ ወደሚቀጥለው በላይ ውሰደው። በእኛ ቢሮዎች «ተመርቷል» ከተባለ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። የተመራ ደብዳቤ ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

4. «አያሰጋም» የሚለውን ፍርድ ብቻህን አትስጥ።

ይኼኛው ቤታችን የገባ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ በ2 ሰዓት ከ38 ተነሣ። ስድስት ደቂቃ ሳይሞላው ቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ቱሉ ፈራ ላይ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፤ ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ 25።

የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከነፋሱ ጋር ያለውን አንግል የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉ። የግራው የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ፤ ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ያን አንዱን ብቻ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ሁለቱ ሴንሰሮች ሲለያዩ አብራሪውን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ የበረራ 302 ዓይነት በሆኑት በሁሉም የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኖች ላይ መደበኛ ሆኖ መሥራት ነበረበት። ማስጠንቀቂያው ግን በተጨማሪ ክፍያ የሚሸጥ ሌላ መሣሪያ ካልተገጠመ በቀር እንደማይሠራ የቦይንግ መሐንዲሶች በ2017 እ.ኤ.አ.፣ ርክክቡ በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ደረሱበት። ኩባንያው ይህን ኋላ በይፋ አምኗል። ተሰበሰቡ፤ መረመሩ፤ «ደኅንነትን አይነካም» ብለው ወሰኑ፤ ማስተካከያውን ወደፊት ለሚመጣ የሶፍትዌር ለውጥ አቆዩት። ለአየር መንገዶቹም ለአሜሪካው ተቆጣጣሪም አልነገሩም። የተናገሩት ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ያው ዓይነት የላየን ኤር አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ 189 ሰው ይዞ ከሰመጠ በኋላ ነው።

ያ ጽሑፍ ቢበራ ኖሮ የእኛዎቹ ይተርፉ ነበር አልልህም፤ ጥፋቱ ከዚያ የሰፋ ነው። የምልህ፣ የማይሠራ የደኅንነት ዕቃ የሸጠ ሰው፣ ጉድለቱ አሳሳቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ፍርድ ለራሱ ማስቀረት የለበትም። በዚያ ወንበር ላይ ነፍሱን ይዞ የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነው። አንተም አንድ ቀን «ይህ ትንሽ ነገር ነው፣ ሪፖርት አይገባውም» የሚል ስብሰባ ላይ ትቀመጣለህ። ትንሽ ከሆነ መናገሩም ትንሽ ነው፤ ንገራቸው።

5. ዝገትን አትላመድ።

ያው ዴቪስ ቤሲ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። በዚያ ጣቢያ አየር እየሳበ ጨረር የሚለካ መሣሪያ ነበር፤ ማጣሪያው እንደ ወጉ በወር አንዴ ይቀየራል። እየዋለ እያደረ ግን በዝገት ብናኝ መደፈን ጀመረ፤ በየአንድ በየሁለት ቀኑ ይቀየር ገባ። ዝገቱ ከየት መጣ ብሎ ዳር ድረስ የሄደ አልነበረም፤ ማጣሪያ መቀየር ሥራ ሆነ። በመጋቢት 2002 ሪአክተሩ ቆሞ ክዳኑ ሲታይ፣ ቦሪክ አሲድ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋውን ብረት በልቶ ጉድጓድ አበጅቷል። ያንን ሁሉ ግፊት ይዞ የቆየው ከአንድ ሳንቲ ሜትር የሚያንስ የውስጥ ሽፋን ነው። ተቆጣጣሪው ጣቢያው ቀደም ብሎ ቆሞ እንዲፈተሽ ጠይቆ ነበር፤ ኩባንያው ግን ተከራክሮ ጊዜ አስጨመረ። በ2006 ለተቆጣጣሪው ሐሰት መናገሩን አምኖ 28 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ።

ስለዚህ አንድ ዕቃ ከልማዱ ውጭ ቶሎ ቶሎ መቀየር ሲፈልግ፣ «ለምን?» የሚለውን መልስ ሳታገኝ አዲሱን አትግጠም።

6. ሩሲያ ከሄድክ ስለ ኢግናሊና ጠይቃቸው።

አትፈር፣ ጠይቃቸው። በ1983፣ ያኔ ከሩሲያ ጋር በሶቪየት ኅብረት ውስጥ በነበረችው ሊትዌኒያ፣ በኢግናሊና የኑክሌር ጣቢያ የሪአክተር ማቆሚያ ዘንጎች ወደ ውስጥ ሲገቡ፣ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ኃይሉን ከመቀነስ ይልቅ እንደሚጨምሩት ታየ። ፍሬን ስትረግጥ መኪናው የሚፈተለክ ከሆነ ለሹፌሩ መነገር አለበት ወይስ የለበትም? ተጻጻፉ፤ ይስተካከላል ተባለ፤ አልተስተካከለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1986 ቼርኖቤል ላይ ያንን የማቆሚያ ቁልፍ የተጫኑት ሰዎች ምን እንደሚሠራ በቅጡ አያውቁም ነበር። ዛሬ ሩሲያ ለውጭ አገር የምትሸጠው ሪአክተር የዚያ ዓይነት አይደለም፤ ያንን ስህተት አጥንተው ያረሙ መምህራንም አሏቸው። ጥያቄህን በደስታ የሚመልስልህን መምህር ያዝ፤ ጥያቄው የሚያስቆጣውን ደግሞ ልብ በለው።

7. ስትናገር ራስህን ጠብቅ።

ጀግና ሁን ብዬ አልመክርህም። ጃፓን ውስጥ ኬይ ሱጋኦካ የሚባል፣ ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ይሠራ የነበረ ፈታሽ፣ የቶኪዮ ኤሌክትሪክ ኩባንያ በፉኩሺማ ጣቢያ የተሰነጠቀ ዕቃ እንደ ደበቀ በ2000 ለመንግሥት ጻፈ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የጠቋሚውን ማንነት ለኩባንያው አሳልፎ ሰጠ! ጉዳዩ በአደባባይ የወጣው ነሐሴ 2002 ነው፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሥልጣን ለቀቁ፤ በሚያዝያ 2003 የኩባንያው 17 ሪአክተሮች በሙሉ ለፍተሻ ቆመው ነበር።

ስለዚህ የጻፍከውን ሁሉ ቀን ያለበት ቅጂ ለራስህ አስቀር። ብቻህን ከምትፈርም ያየውን ባልደረባ አስፈርም። ስም አታጥፋ፤ «እገሌ ሰነፍ ነው» ከማለት «ይህ ቫልቭ በዚህ ቀን አልዘጋም» በል። ቀድመህ በውስጥ መንገድ ሂድ፤ ያ ሲዘጋ ወደ ተቆጣጣሪው። በአገራችን አሠሪህን በመክሰስህ ወይም አቤት በማለትህ ብቻ ከሥራ ማባረር ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን የሠራተኛ አዋጁ ይናገራል፤ ለወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮችም አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ወረቀት ብቻውን ጋሻ አይሆንም፤ መብቱን የማያውቅ ግን ወረቀቷንም አያገኛትም። ሚስትህንም አማክራት። ደመወዙ ሲቆም አብራህ የምትራበው እሷ ናት።

8. አለቃ ስትሆን መጥፎ ወሬ ያመጣውን አታስደንግጠው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አንድ ጊዜ ከጮህክበት ሁለተኛ አይነግርህም፤ አንተም በደስታ «ሁሉም ደህና» እያነበብክ ትኖራለህ። ከቦይንግ 737 ፋብሪካ ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ኤድ ፒርሰን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018፣ ከሁለቱም የማክስ አደጋዎች በፊት፣ ሠራተኛው ደክሟል፣ ሥራው ተጣድፏል፣ ምርቱ ይቁም ብሎ ለበላዩ ጽፎ ነበር። አልቆመም። የበላዩን ቦታ አንተ ስትይዝ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በትንሹ ሠራተኛ ቃል ማሽን አቁም። ጉድለት ባይገኝ እንኳ አመስግነው፤ ሌሎቹ እያዩ።

9. ሪአክተር እስኪመጣ አትጠብቅ፤ ሆስፒታል ግባ።

ጨረር ሚዛን ከተማም አለ። ራጅ የሚያነሱት ልጆች የሚለብሱት ከእርሳስ የተሠራ መከላከያ ልብስ ታጥፎ ከተቀመጠ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ከላይ በዓይን አይታይም፤ ልብሱን ራሱን ራጅ ማንሳት ይፈልጋል። ደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት መለኪያም በጊዜው ተነብቦ ካልተመለሰ ጌጥ ነው። ዘመድህ ከሆኑት ባለሙያዎች አንዱን «መጨረሻ የተፈተሸው መቼ ነው?» ብለህ ጠይቀው። ሥራህን ከዚያ ትማራለህ።

10. የሚቆጣጠረውና የሚገነባው አንድ ቤት እንዳይሆኑ ጠይቁ።

ይህ ለአንተ ብቻ አይደለም፣ ለጓደኞችህም ነው። የጃፓኑ ተቆጣጣሪ የጠቋሚውን ማንነት ለኩባንያው የሰጠው ክፉ ሰዎች ስለተሰበሰቡበት አይመስለኝም። ኑክሌርን ያስፋፋ በነበረው የኢኮኖሚ ሚኒስቴር ሥር ነበር፤ ኩባንያውን እንደ ወዳጅ ያየው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2011ዱ የፉኩሺማ አደጋ በኋላ አፍርሰው በመስከረም 2012 ራሱን የቻለ ሌላ ተቆጣጣሪ አቆሙ። አሜሪካኖች ለአቪዬሽን ቀድሞውኑ ገብቷቸው ነበር፤ ከ1976 ጀምሮ አብራሪዎች ስህተትና ጉድለት የሚጽፉት ለሚቀጣቸው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ለናሳ ነው፤ ናሳም ስማቸውን ቆርጦ ያስቀራል።

አገራችን ጨረርን የሚመለከት ሕግ ከ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 79 ጀምሮ አላት፤ ለሪአክተር የሚበቃ ተቆጣጣሪ ግን ገና ሊደራጅ ነው። የሚገነባው ክፍል ገንዘብም፣ ሚዲያም፣ የምረቃ ቀንም ይኖረዋል። ተቆጣጣሪው የራሱ በጀት፣ የራሱ መሐንዲሶች፣ ጣቢያውን በአንድ ደብዳቤ የማቆም ሥልጣን ይኖረዋል ወይ? አንድ የሚዛን ልጅ ሌሊት ላይ ያልተዘጋ ቫልቭ ቢያይና አለቃው ዝም ቢለው፣ የሚደውልለት ቁጥር ማን ዘንድ ነው የሚጮኸው? ይህን ለመምህራኖቻችሁም፣ ለተወካዮቻችሁም አሁን ጠይቁ፤ መሠረቱ ሳይቆፈር።